ዌሊንግተን በካምፐርቫን፦ አንድ ቀን ከነፋሱ ጋር

መኪናውን ይዛችሁ መሀል ከተማ አትግቡ። ከዚህ ጽሑፍ ሌላውን ሁሉ ብትረሱት እንኳ ይቺን ያዙልኝ። ዌሊንግተን በካምፐርቫን (አልጋና ማብሰያ ባለው የጉዞ መኪና) የሚመጡባት፣ በእግር የሚያዩዋት ከተማ ናት።

እኔና ታናሽ እህቴ ኦክላንድ ላይ ካምፐርቫን ተከራይተን ወደ ደቡብ ስንወርድ ዌሊንግተን ላይ ሁለት ሌሊትና አንድ ሙሉ ቀን ነበረን። እውነቱን ለመናገር ዕቅዳችን መርከብ መሳፈር እንጂ ከተማ ማየት አልነበረም። ኒው ዚላንድ በሁለት ትልልቅ ደሴቶች የተከፈለች ናት። ዌሊንግተን የሰሜኑ ደሴት ታችኛው ጫፍ ላይ ስለሆነች፣ ወደ ደቡቡ ደሴት መኪና ይዞ የሚሻገር ሁሉ እዚህ መምጣቱ አይቀርም። ኦክላንድ በሕዝብ ስለሚበዛ፣ ስሙም ስለሚገን ብዙ ሰው ዋና ከተማው እሱ ይመስለዋል። አይደለም። ከ1865 ጀምሮ (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጆቹ እየቆጠርኩ ነው) መንግሥት የተቀመጠው ዌሊንግተን ነው።

መጀመሪያ ስለ መኪናው፣ ገንዘቡ ብዙ የሄደው እሱ ላይ ነውና።

ለሁለት ሰው የሚሆን፣ ጣሪያው ከፍ ያለ የናፍጣ መኪና ነው። ቀን መቀመጫ የነበረው ማታ አልጋ ይሆናል። ሁለት እሳት ያለው የጋዝ ምድጃ፣ ትንሽ ፍሪጅ፣ የንጹሕ ውሃ ታንከር፣ ከሥር የቆሻሻ ውሃ ማጠራቀሚያ፣ ጥግ ላይ ደግሞ ሽንት ቤት አለው። ሽንት ቤቱን እንደ ትርፍ ነገር አትዩት። በ2023 በወጣው ሕግ መሠረት አንድ ካምፐርቫን "ራሱን የቻለ" የሚባለው ሽንት ቤቱ ከመኪናው ጋር ተያይዞ የተገጠመ፣ አልጋው ተዘርግቶም መጠቀም የሚቻል ሲሆን ነው። ይህን ያሟላ መኪና አረንጓዴ ማረጋገጫ ይለጠፍለታል። ያ ወረቀት ከሌለ ነፃ የማደሪያ ቦታዎች አብዛኞቹ ለእናንተ የሉም፣ ያለ ፈቃድ ማደር ደግሞ 400 ዶላር ሊያስቀጣ ይችላል። ስለዚህ መኪና ስትከራዩ ከመጋረጃው ቀለምና ከአልጋው ስፋት በፊት አረንጓዴዋን ወረቀት ፈልጉ።

ሌላው ብዙ ሰው ሳያውቀው የሚከፍለው ነገር የናፍጣው ጉዳይ ነው። ማደያ ላይ ናፍጣ ከቤንዚን ረከስ ብሎ ታዩታላችሁ፣ ደስም ይላችኋል። ነገር ግን በዚያ ሀገር የናፍጣ መኪና የመንገድ ግብሩን የሚከፍለው ማደያ ላይ ሳይሆን በሄደው ኪሎ ሜትር ልክ ነው። አከራዮቹ ያንን ክፍያ መኪናውን ስትመልሱ ይጨምሩባችኋል። ማጭበርበር አይደለም፣ ሕጉ ነው። ግን በጀት ስታወጡ ካልቆጠራችሁት በመጨረሻው ቀን ያስደነግጣል።

አልጋውን ወድጄዋለሁ። ምድጃውም ጥሩ ነው። ማታ ማታ መንገድ ዳር ቆመን ሻይ ስናፈላ፣ ውጭው ሲጨልም፣ ያቺ ጠባብ ክፍል እንደ ቤት ትሞቃለች። እህቴ እንዲያውም "ሆቴል ብንይዝ ኖሮ ይሄን ያህል አናወራም ነበር" አለችኝ፣ እውነቷን ነው።

ቅር ያለኝ በሩ ላይ ነው። ከዌሊንግተን ትንሽ ቀደም ብሎ ማደያ ቆመን፣ እህቴ በእሷ በኩል ያለውን በር ከፈት ከማድረጓ ነፋሱ ከእጇ መንጭቆ ወሰደው። በሩ ከልኩ በላይ ወደ ፊት ተለጠጠ፣ ማጠፊያው ተጣመመ። ከዚያ በኋላ ለመዝጋት ሁለት ሰው ያስፈልግ ነበር። ለአከራዩ ስንደውል በነፋስ የተጎዳ በር ኢንሹራንሱ እንደማይሸፍነው፣ ውሉ ላይ እንደተጻፈ ነገሩን። ውሉ ላይ አለ፣ ቆይቼ አየሁት፣ በደቃቅ ፊደል። ግን መኪናውን ሲያስረክቡን ጋዙን እንዴት እንደምንዘጋ፣ ውሃውን የት እንደምንደፋ ሃያ ደቂቃ ሙሉ ያስረዱን ሰዎች ስለ በሩ አንድ ቃል አልተነፈሱም። ወደ ዌሊንግተን እንደምንሄድ እያወቁ! ከማስያዣው ላይ ቆረጡብን። ገንዘቡ ያስቆጫል፣ የበለጠ ያስቆጨኝ ግን አንድ ዓረፍተ ነገር ይበቃ የነበረ መሆኑ ነው። እኔ ልንገራችሁ፦ የካምፐርቫን በር በሁለት እጅ ነው የሚከፈተው፣ መጀመሪያ ደግሞ መስኮቱን ዝቅ አድርጎ ነፋሱ ከየት እንደሚመጣ ማየት። ስታቆሙም የመኪናውን አፍንጫ ወደ ነፋሱ አዙሩት።

ለምን እንዲህ ይነፍሳል? ካርታ ላይ አንዴ ካያችሁት አይረሳችሁም። ከተማዋ 41ኛው የደቡብ ኬክሮስ አካባቢ ናት። በዚያ ኬክሮስ ከምዕራብ የሚነሳው ነፋስ ውቅያኖሱን ሲያቋርጥ የሚገታው ብዙ ነገር የለም። ኒው ዚላንድ ሲደርስ በሁለቱም ደሴቶች የተዘረጉት ተራሮች ይጋርዱታል። ትልቁ ክፍተት ያለው ኩክ በሚባለው ሰርጥ ላይ ነው፣ በሁለቱ ደሴቶች መካከል። ሰፊው ነፋስ በጠባቡ ሲያልፍ ይፈጥናል፣ ዌሊንግተን ያለችው ደግሞ በሩ አፍ ላይ ነው። በቃ፣ ይኸው ነው። የሰሜኑ ነፋስ ይገፋል እንጂ ያን ያህል አይበርድም። የደቡቡ ግን ከአንታርክቲካ በኩል ስለሚመጣ በበጋ እንኳ አጥንት ይሰብራል። የሙቀቱ ለውጥ በአንድ ከሰዓት ውስጥ ሊሆን ስለሚችል ጃንጥላ ትታችሁ ኮፍያ ያለው ጃኬት ያዙ። ጃንጥላ እዚያ አይሠራም።

ወደ ከተማዋ የገባነው በ2022 በተከፈተው ትራንስሚሽን ጋሊ በሚባለው 27 ኪሎ ሜትር አዲስ መንገድ ነው። መንገዱ ራሱ እጅግ ጥሩ ነው፣ ሰፊ ነው፣ ግን ተራራ ላይ የወጣ ስለሆነ ከፍ ያለ መኪና ሲያገኝ ነፋሱ ከጎን ይገፈትራል። እህቴ መሪውን በሁለት እጇ ይዛ በዝግታ ነዳች። ከኋላ የሚያጣድፍ ቢመጣ እንኳ አትቸኩሉ፣ ግራ መስመራችሁን ይዛችሁ ሂዱ፣ እዚያ በግራ ነው የሚነዳው።

ያደርነው ኤቫንስ ቤይ ከሚባለው የጀልባ ማቆሚያ አጠገብ ነው። ማዘጋጃ ቤቱ ራሳቸውን ለቻሉ መኪናዎች የመደበው ቦታ ነው፣ ክፍያ የለውም። ለዋና ከተማ ይህ ትልቅ ነገር ነው። ቦታው የተወሰነ ስለሆነ በበጋ ቀደም ብላችሁ ድረሱ፣ ምልክቱን አንብባችሁ በተሰመረው ውስጥ ብቻ ቁሙ። ውበት የምትፈልጉ ከሆነ መጀመሪያ ላይ ሊከፋችሁ ይችላል፣ ምክንያቱም አስፋልት ላይ ከሌሎች መኪናዎች ጎን ለጎን ነው የምትቆሙት። ቀና ስትሉ ግን ባሕር ነው። የአየር ማረፊያው መንደርደሪያ አንደኛው ጫፍ እዚያው ባሕረ ሰላጤ ላይ ስለሚያልቅ አውሮፕላኖቹ ከፊታችሁ ዝቅ ብለው ያልፋሉ። ነፋስ ባለበት ቀን አፍንጫቸውን ወደ ጎን አዙረው ነው የሚመጡት፣ መሬት ሊነኩ ሲሉ ይቀናሉ። ሻይ ይዘን ስንት አውሮፕላን እንዳየን አልቆጠርነውም። ማዶ ሚራማር ኮረብታ ላይ የከተማዋ ስም በትልልቅ ነጭ ፊደላት ተተክሏል፣ የመጨረሻዎቹ ፊደላት ነፋስ እንደወሰዳቸው ሆነው ተንጋደዋል። ከተማዋ ስለ ነፋሷ አታፍርም።

ሌሊቱ ግን ቀላል አልነበረም። መኪናው ይወዛወዛል። ጣሪያው ላይ ያለችው መስኮት ስትንቋቋ አደረች። እኩለ ሌሊት ላይ ተነስተን፣ መሪው ጋ ሄደን፣ አፍንጫውን ወደ ነፋሱ ስናዞረው ግማሹ ቀነሰ። የጆሮ መዝጊያ ይዛችሁ ሂዱ።

ጠዋት መኪናውን እዚያው ትተን በእግር ወጣን። የባሕሩን ዳር ይዞ ወደ መሀል ከተማ የሚወስድ መንገድ አለ፣ ለእግረኛም ለብስክሌትም። እያየን፣ እየቆምን ከአንድ ሰዓት በላይ ፈጀብን። መቸኮል ለሚፈልግ አውቶቡስ አለ፣ እኔ ግን መራመዱን እመርጣለሁ። መጨረሻ ላይ ኦሪየንታል ቤይ ትደርሳላችሁ። የባሕር ዳርቻው ወርቃማ አሸዋ የራሱ አይደለም፣ ከደቡቡ ደሴት ተጭኖ የመጣ ነው። ጠዋት ጠዋት የሰፈሩ ሰዎች ከሥራ በፊት ገብተው ይዋኛሉ። በዚያ ብርድ! ከፍ ብለው ኮረብታው ላይ የተደረደሩት የእንጨት ቤቶች አንዱ በአንዱ ትከሻ ላይ የቆሙ ይመስላሉ።

አሁን ወደ ዋናው ልምጣ። ቴ ፓፓ።

ቴ ፓፓ የሀገሪቱ ብሔራዊ ሙዚየም ነው፣ በ1998 ነው የተከፈተው፣ ከባሕሩ ጠርዝ ላይ። ለረጅም ጊዜ ለሁሉም ነፃ ነበር። ከመስከረም 2024 ጀምሮ ግን ከውጭ የሚመጣ ጎብኚ 35 የኒው ዚላንድ ዶላር ይከፍላል፣ ከ16 ዓመት በታች ያሉ ልጆችና የሀገሩ ነዋሪዎች አይከፍሉም። በር ላይ ደርሰው ዋጋውን አይተው የሚመለሱ ሰዎች አይቻለሁ። እህቴም አመነታች። "ለሁለት ሰው 70 ዶላር፣ የሁለት ቀን ናፍጣ ነው" አለች። እኔ ግን ከዚያ ጉዞ ሁሉ በልበ ሙሉነት ያወጣሁት ገንዘብ ይሄ ነው እላለሁ። በእኛ ሰዓት ከጠዋቱ 4 እስከ ምሽቱ 12 ክፍት ነው፣ ትኬቱን ከቆረጣችሁ ቢያንስ ሦስት ሰዓት ስጡት።

ከመግባታችሁ በፊት ከሥሩ ጀምሩ። ሕንፃው የቆመው ከባሕር በተሞላ መሬት ላይ ነው፣ ሀገሩ ደግሞ የመሬት መንቀጥቀጥ ሀገር ነው። ስለዚህ መሠረቱን ከሕንፃው ለይተውታል። መካከላቸው ከጎማና ከእርሳስ የተሠሩ ወፍራም ትራሶች አሉ፣ 152 ናቸው። መሬቱ ሲንቀጠቀጥ ትራሶቹ ይለጠጣሉ፣ ሕንፃው በቀስታ ይወዛወዛል እንጂ አይሰነጠቅም። ዘዴውን የፈጠረው ቢል ሮቢንሰን የተባለ የዚያው ሀገር ሰው ነው። ያን ቀን ሌሊቱን መኪናችን ስትወዛወዝ ስላደረች ይሁን አላውቅም፣ ይሄ ነገር በጣም ነካኝ። እንዳይወዛወዝ ከመታገል ይልቅ እንዲወዛወዝ አድርጎ መሥራት።

ውስጥ አንድ ትልቅ የባሕር ፍጥረት አለ፣ ኮሎሳል ስኩዊድ ይባላል። በ2007 አንታርክቲካ አካባቢ ዓሣ አጥማጆች በመንጠቆ ገመዳቸው ላይ አግኝተው ያወጡት ነው። 495 ኪሎ ይመዝናል። ፈሳሽ ውስጥ ተኝቶ ሲታይ ቀለሙ ደብዝዟል፣ ልጆች ግን መስታወቱ ላይ ተለጥፈው አይላቀቁም። ከዚህ የበለጠ ያቆየን ግን የጋሊፖሊው ኤግዚቢሽን ነው። አንደኛው የዓለም ጦርነት ላይ፣ 1915፣ ቱርክ ምድር ላይ በነበረው ውጊያ 2,779 የኒው ዚላንድ ሰዎች አልቀዋል። ለዚያች ትንሽ ሀገር ምን ማለት እንደሆነ አስቡት። ኤግዚቢሽኑ የሚናገረው በስምንት ተራ ሰዎች ታሪክ ነው። የእያንዳንዳቸው ምስል ከሰው መጠን 2.4 እጥፍ ተደርጎ ተሠርቷል፣ የፀጉሩ ዘለላ፣ የላቡ ጠብታ፣ የእጁ ደም ሥር ሳይቀር። ከመካከላቸው አንዷ ሎቲ ለ ጋሌ የምትባል ነርስ ናት። በሆስፒታል መርከብ እያገለገለች ጦር ሜዳ ላለው ወንድሟ ደብዳቤ ትጽፍ ነበር። ደብዳቤዎቿ ተመለሱላት፣ መሞቱን ያወቀችው እንደዚያ ነው። ምስሏ የተቀረጸው ያንን ዜና ስትሰማ ነው። ክፍሉ ጨለማ ነው፣ ሰው ሁሉ ዝም ይላል። እህቴ እጄን ያዘች። ብዙ ቆየን። ስለ 35 ዶላሩ ከዚያ በኋላ አንዳችን ቃል አላነሳንም።

ላይኛው ፎቅ ላይ የሀገሩ ነባር ሕዝብ የሆኑት የማኦሪዎቹ የመሰብሰቢያ ቤት አለ። በባለ ብዙ ቀለም ቅርጻ ቅርጾች የተሞላ ነው፣ ጫማ አውልቃችሁ ነው የምትገቡት። በመስኮት ባሕሩ ይታያል። የከተማዋ የማኦሪ ስም ቴ ዋንጋኑይ-አ-ታራ ነው፣ "የታራ ታላቅ ወደብ" እንደ ማለት። እዚያ ቆሞ ወደቡን እያዩ ስሙን መስማት ሌላ ነገር ነው።

ከቴ ፓፓ ስንወጣ ነፋሱ ተነስቷል። ዳር ዳሩን ጥቂት ሲሄዱ ዓይኑን ጨፍኖ፣ ደረቱን ሰጥቶ ወደ ባሕሩ ያጋደለ ራቁት የብረት ሰው ቆሟል። ማክስ ፓቴ የተባለ ቀራጺ በ2008 የሠራው ነው። ሰዎች አጠገቡ ቆመው እንደ እሱ ወደ ፊት ያጋድላሉ፣ ነፋሱም ይሸከማቸዋል። እኛም አጋደልን። የምር ይሸከማል!

ምሳና ቡና ፍለጋ ወደ ኩባ ጎዳና ሄድን። ስሙ ከደሴቲቱ ሳይሆን በ1840 ከመጣች ኩባ ከተባለች መርከብ ነው። ከፊሉ ለመኪና ዝግ ነው፣ ፈታ ብሎ ለመሄድ ይመቻል። መሀሉ ላይ ባልዲ ባልዲውን የሚገለብጥ ፏፏቴ አለ፣ ከ1969 ጀምሮ የቆመ። ባልዲዎቹ ሲሞሉ ይደፋሉ፣ ነፋስ ካለ ውሃው ገንዳው ውስጥ ሳይሆን እናንተ ላይ ነው የሚደፋው። ራቅ ብላችሁ ቁሙ። የማሌዥያ ምግብ በከተማዋ ብዙ ቦታ ይሸጣል፣ እኛም ላክሳ የሚባለውን የኮኮናት ሾርባ በላን፣ ነፋስ ለመታው ሰው መድኃኒት ነው።

ቡናው ላይ ሁለት ቦታ ሞከርን። የመጀመሪያው ቤት አሳዘነኝ። ባዶ ጠረጴዛ እያለ ቆመን ጠበቅን፣ ቡናው ሲመጣ ለብ ብሏል፣ ወተቱ በዝቷል። ሁለተኛው ግን ካሰ። ሰሌዳው ላይ ይርጋጨፌ ተጽፎ አየን። ፍላት ዋይት አዘዝን፣ ኒው ዚላንዶችና አውስትራሊያዎች "እኛ ነን የጀመርነው" እየተባባሉ የሚከራከሩበት ቡና ነው። ስስ አረፋ፣ ከካፑቺኖ ያነሰ ወተት፣ ጠንከር ያለ ጣዕም። ቀጂው ልጅ ከየት እንደመጣን ሲሰማ ወተት የሌለውን አንድ ስኒ ጨምሮ በነፃ ሰጠን፣ "ይሄንን እንዲህ ነው መቅመስ ያለባችሁ" ብሎ። እኛም እንደዚያ ነው የምናውቀው። ጣዕሙ የእኛው ነው፣ አቆላሉ ግን በጣም ስስ ነው። ለእኔ ትንሽ ጠቆር ቢል ይሻላል። ለእህቴ ግን ከጠጣቻቸው ሁሉ የተሻለ ነው። እስካሁን አልተስማማንም።

ከዚያ ወደ ላምብተን ኪ። "ኪ" የሚለው ቃል "የወደብ ዳር" ማለት ነው፣ ባሕሩ ግን ርቆ ነው ያለው። ድሮ የባሕሩ ጠርዝ እዚያ ነበር። በ1855 የደረሰው ከባድ የመሬት መንቀጥቀጥ መሬቱን ከፍ አደረገው፣ ሰዉም ባሕሩን እየሞላ ወደ ፊት ገፋ። የድሮው ዳርቻ የት እንደነበረ የሚያሳዩ ምልክቶች እግረኛ መንገዱ ላይ ተተክለዋል። እያየን ስንረግጥ ሄድን። ቀይዋ የገመድ ባቡር የምትነሳውም ከዚሁ ጎዳና ነው።

የገመድ ባቡሯ ከ1902 ጀምሮ ትሠራለች፣ አሁን ያለው አሠራሯ ደግሞ ከ1979 ወዲህ ነው። በአምስት ደቂቃ ገደማ 120 ሜትር ያህል ሽቅብ ትወጣለች፣ ሦስት ዋሻ ታልፋለች፣ ዋሻዎቹ ውስጥ መብራት ይጫወታል። ጉዞው አጭር ነው። አንዳንዱ ሰው ለዚያች አምስት ደቂቃ መክፈል ይከብደዋል፣ እረዳዋለሁ። የእኔ ምክር የመሄጃውን ትኬት ብቻ ቁረጡ። የደርሶ መልስ አያስፈልግም፣ ምክንያቱም ላይ ስትደርሱ ዋናው ነገር ቁልቁል በእግር መውረዱ ነው። ባቡሯ ራሷ ንጹሕ ናት፣ ሠራተኞቹ ትሑት ናቸው፣ ቶሎ ቶሎ ትመላለሳለች። ጫፍ ላይ የድሮዎቹን ፉርጎዎች የምታዩበት ትንሽ ሙዚየም አለ፣ ነፃ ነው። ከእሱ ውጭ ቆማችሁ ከተማውን፣ ወደቡንና ማዶ ያሉትን ተራሮች በአንድ እይታ ታያላችሁ።

ቁልቁሉ በዕፅዋት መናፈሻው ውስጥ ነው የሚያልፈው። 25 ሄክታር ነው፣ ከ1868 ጀምሮ አለ፣ መግቢያ አይከፈልበትም። ነፋሱ እዚያ ውስጥ ሲገቡ ይጠፋል። ዛፎቹ ያዙት። ቀኑን ሙሉ ጆሮአችን ውስጥ ሲያፏጭ የነበረው ድምፅ ድንገት ሲቆም እርስ በርሳችን ተያየን። ከዚያ ወፎቹን ሰማን። ካካ የሚባለው ቡናማ በቀቀን ጮክ ብሎ እየተንጫጫ ከላያችን አለፈ። ይህ ወፍ ከከተማዋ ጠፍቶ ነበር። የተመለሰው ዚላንዲያ በሚባለው ጥብቅ ቦታ ምክንያት ነው፦ 225 ሄክታር ሸለቆ፣ አይጥና ድመት በማያሳልፍ 8.6 ኪሎ ሜትር አጥር ዙሪያውን ታጥሮ፣ ከከተማው መሀል በጣም ቅርብ። ወፎቹ ግን አጥሩን ከላይ ይሻገራሉ፣ ከተማውን ሁሉ እየሞሉት ነው። ዚላንዲያን ለማየት ጊዜ አልበቃንም። ሁለት ቀን ያለው ሰው ሁለተኛውን ለእሱ ይስጥ።

መናፈሻው ሲያልቅ ፓርላማው አጠገብ ነው የምትወጡት። የሚኒስትሮቹ ሕንፃ ክብ ነው፣ እያነሰ የሚወጣ፣ ሕዝቡም "የንብ ቀፎ" ይለዋል። የፓርላማው ጉብኝት ነፃ ነው፣ እኛ አልደረስንበትም። ትይዩ ያለውን የድሮውን የመንግሥት ሕንፃ ግን ቀርባችሁ ንኩት። ከሩቅ የድንጋይ ነው ትላላችሁ። እንጨት ነው፣ ከ1876 ጀምሮ የቆመ፣ አሁን የሕግ ተማሪዎች ይማሩበታል።

እዚያው አካባቢ በብሔራዊ ቤተ መጻሕፍቱ ውስጥ አንድ ጨለም ያለ ክፍል አለ፣ መግቢያው ነፃ ነው። የ1840 የዋይታንጊ ውል ዋናው ወረቀት ያለው እዚያ ነው፣ ማኦሪዎቹ ከእንግሊዝ መንግሥት ጋር የፈረሙት። አይጥ የበላው ጠርዝ ሳይቀር ይታያል። ሌላው ሴቶች የመምረጥ መብት እንዲሰጣቸው በ1893 ያስገቡት አቤቱታ ነው። አንድ በአንድ የተጣበቀ ረጅም ጥቅልል ነው፣ ከላይ እስከ ታች ፊርማ። በዚያው ዓመት መብቱ ተሰጣቸው፣ ኒው ዚላንድም ሴቶች በብሔራዊ ምርጫ የመረጡባት የመጀመሪያዋ ራሷን የምታስተዳድር ሀገር ሆነች። እህቴ መስታወቱ ላይ ጎንበስ ብላ ስሞቹን ስታነብ ጥበቃው "ልንዘጋ ነው" እስኪለን ድረስ ቆየች። በከተማዋ ውስጥ ነፃ ከሆነው ነገር ሁሉ ይሄንን አስቀድሙ።

በአውቶቡስ ወደ መኪናችን ተመለስን፣ እራት ሠርተን በላን። ምድጃው ከመስኮቱ የሚገባው ነፋስ እያጠፋብን አስቸገረ፣ መስኮት ዘግቶ ማብሰል ደግሞ አደጋ ስለሆነ በነፋሱ ተቃራኒ በኩል ያለውን ብቻ ከፈትን። ፀሐይ ሳትጠልቅ ማውንት ቪክቶሪያ ወጣን፣ 196 ሜትር ከፍታ ያለው ኮረብታ። በየካቲት ፀሐይ የምትጠልቀው ማታ 2 ሰዓት ካለፈ በኋላ ስለሆነ ጊዜ ነበረን። ጫፉ ላይ ግን ቆሞ ማውራት አይቻልም፣ ነፋሱ ቃሉን ከአፍ ይነጥቃል። አጥሩን ይዘን ቆምን። ከታች ከተማው መብራት ማብራት ጀምሯል፣ አንድ መርከብ ከሰርጡ እየገባ ነው። የሀገሩ ሰዎች ጥሩ ቀን ሲወጣ ዌሊንግተንን የሚያህል የለም ይላሉ። ያ ቀን በእነሱ ሚዛን ጥሩ ቀን አልነበረም መሰለኝ፣ ለእኔ ግን ነበር።

መርከቡን በማግስቱ ጠዋት ነው የያዝነው። በደቡቡ ደሴት ወዳለችው ፒክተን ሦስት ሰዓት ተኩል ገደማ ነው። ዋጋው በመኪናው ርዝመት ስለሚወሰን ስትመዘግቡ ትክክለኛውን ሜትር ጻፉ፣ ባሕሩ ከተናወጠ ጉዞው ሊሰረዝ ስለሚችል ደግሞ በዚያው ቀን ማታ ሌላ ቦታ ቀጠሮ አትያዙ። ይሄንን ባሕር አቅልሎ የሚያይ የለም፣ በሚያዝያ 1968 ዋሂኔ የተባለችው መርከብ እዚያው ወደቡ አፍ ላይ በአውሎ ነፋስ ሰጥማ ከ50 በላይ ሰዎች ሞተዋል። የእኛ ቀን ሰላም ነበር። ሠራተኛው ጋዙን እንድንዘጋ ነገረን፣ ዘጋን። እህቴ መስኮቷን ዝቅ አድርጋ ነፋሱ ከየት እንደሆነ አየች፣ ከዚያ ያንን የተጣመመ በር በሁለት እጇ ይዛ ቀስ አድርጋ ከፈተችው።